ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደመወዙና የሥራ ቦታው

በሆሳዕና፣ በሾኔ ወይም በዱራሜ በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ለወራት ከሥራ ሲርቅ ከቁስሉ እኩል የሚያሳስበው የሥራ ቦታው ይጠብቀው እንደሆነ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ስለሆነ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛው መልስ የሚገኘው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ ነው።

በአዋጁ መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት የማይበልጠውን የሙከራ ጊዜ የጨረሰ ሠራተኛ፣ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም መሥራት ሲያቅተው፣ ሕመሙ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሚቆጠሩ 12 ወራት ውስጥ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ያገኛል። ክፍያው ግን ከፈቃዱ ቀድሞ ያልቃል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ ሲኖራቸው የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ሕጉ ከሠራተኛው ኪስ ይልቅ ወንበሩን ይጠብቃል ማለት ነው፤ እድሩም ቢሆን በአብዛኛው ለቀብርና ለሐዘን የተቋቋመ ስለሆነ ይህን ክፍተት እምብዛም አይሞላም።

ፈቃዱ የሚጸናው አሠሪው ሠራተኛው በቀረ ማግስት እንዲያውቅ ሲደረግና ከታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ሲቀርብ ነው፤ የወጌሻ ቃል ለዚህ አይበቃም። ዘላቂ የመሥራት ችሎታ ማጣት፣ ማለትም በሕክምና የተረጋገጠ የማይመለስ ጉዳት፣ ሲኖር ውሉ በሕግ ይቋረጣል። ያለ ሕጋዊ ምክንያት የተሰናበተ ሰው ግን ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ ማቅረብ የሚችለው በ3 ወር ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል።