አፕል እገዛለሁ ብሎ ያልፈረመበት ሰንፔር

ጂቲ አድቫንስድ ቴክኖሎጂስ የአሜሪካዋ ኒው ሃምፕሻየር ግዛት ኩባንያ ነበር። ሰንፔር የሚመረትባቸውን ምድጃዎች ሠርቶ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 መገባደጃ ግን ከአፕል ጋር ተዋውሎ ራሱ አምራች ለመሆን ተነሣ። አፕል በአራት ዙር 578 ሚሊዮን ዶላር ቅድሚያ ይከፍላል፤ ጂቲ ደግሞ በአሪዞና፣ ሜሳ ከተማ ሰንፔር አምርቶ ያስረክባል።

ሰንፔር በቀላሉ የማይጫር ጠንካራ ማዕድን ነው። ቀጣዩ አይፎን የሰንፔር ስክሪን ይኖረዋል የሚለው ተስፋ የባለሀብቶቹን ወሬ ሁሉ ያዘው። ስንት ምድጃ ተተከለ? ከአንዱስ ስንት ስክሪን ይወጣል? የአክሲዮኑ ዋጋ በ2014 ክረምት 20 ዶላር አካባቢ ደረሰ።

መጠየቅ የነበረበት ግን ሌላ ነበር፦ የመግዛት ግዴታ ያለበት ማን ነው? ማንም የለም። ጂቲ ለማቅረብ ግዴታ ሲገባ፣ አፕል ግን አነስተኛውን መጠን እንኳ እገዛለሁ ብሎ አልፈረመም። ቅድመ ክፍያውም ከ2015 ጀምሮ በአምስት ዓመት የሚመለስ ዕዳ ነበር። ይህ ሁሉ ኩባንያው ራሱ ለሕዝብ ይፋ ባደረገው ሪፖርት ላይ ሰፍሮ ይገኝ ነበር፤ አንባቢ ግን አነሰው።

ተሰውሮ የቆየው የርክክቡ ነገር ነው። 262 ኪሎ የሚመዝን አንድ የሰንፔር ግንድ ለማውጣት ምድጃው ለሳምንታት ሳይቋረጥ መሞቅ አለበት። በሜሳ ብዙዎቹ ግንዶች እየተሰነጠቁ ወይም ጉድለት እየተገኘባቸው ከጥቅም ውጪ ሆኑ። የጥራት መስፈርቱ ባለመሟላቱም የመጨረሻው 139 ሚሊዮን ዶላር ሳይለቀቅ ቀረ።

ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቶማስ ጉቲዬሬዝ ግን ኦገስት 2014 ላይ፣ መስፈርቱ ተሟልቶ ክፍያው እስከ ኦክቶበር መጨረሻ እንደሚገባ ለባለሀብቶች ተናገሩ። የአክሲዮን ገበያው ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2019 እንዳስታወቀው፣ አፕል በዚያን ጊዜ ክፍያውን የመያዝ ብቻ ሳይሆን 306 ሚሊዮን ዶላር ቀድሞ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብትም ነበረው። ለአክሲዮን ገዢ ከዚህ የከበደ መረጃ የለም፤ የተነፈገውም እሱን ነው። ጉቲዬሬዝ የኮሚሽኑን ክስ ሳያምኑም ሳይክዱም ከ140 ሺህ ዶላር በላይ ከፍለው ጉዳዩን ዘጉ።

ሴፕቴምበር 9 ቀን 2014 አይፎን 6 ያለ ሰንፔር ስክሪን ቀረበ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 6፣ ጂቲ ከአበዳሪዎቹ እንዲጠበቅ የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ። 11 ዶላር ገደማ የነበረው አክሲዮን በዚያው ቀን ከአንድ ዶላር በታች ወረደ። ኩባንያው በ2016 ከፍርድ ቤቱ ሂደት ሲወጣ የቀድሞዎቹ አክሲዮኖች ተሰረዙ፤ ለባለቤቶቻቸውም የተከፈለ ነገር አልነበረም።