ስለ ቡና የተጻፈውን ሁሉ ማን ያነባል?

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በአካባቢው ባሉ የቡና ከተሞች ነፍሰ ጡር እናት ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ከምታነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ «ቡና ልተው ወይስ ልጠጣ?» የሚል ነው፡፡ የደም ግፊት ያለባቸው አባትም፣ የደም ማነስ ያለባት ልጃገረድም ይህንኑ ይጠይቃሉ፡፡ ጎረቤት አንድ ይላል፤ በስልክ የሚመጣው መልእክት ሌላ ይላል፤ ሐኪሙ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይናገራል፡፡ ታዲያ ትክክለኛው መልስ ከየት ይገኛል? በዚህ ጽሑፍ የሕክምና ዕውቀት ከተጻፈበት ቦታ እንዴት ተለቅሞ ወደ ሐኪሙ እንደሚደርስ፣ በዚህም ሥራ ኮምፒዩተር ምን እንደሚያግዝና የት ላይ እንደሚሳሳት እንመለከታለን፡፡

ለአንድ ሰው የማይቻል ንባብ

በዓለም ላይ የሚወጡ የሕክምና ጥናቶች ፐብሜድ በተባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት መዝገብ ይሰበሰባሉ፡፡ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታተመው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ መጽሔትም በዚሁ መዝገብ ይገኛል፡፡ በመዝገቡ ውስጥ ከ37 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች የተመዘገቡ ሲሆን በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይጨመራሉ፡፡ ይህ በቀን ሲሰላ ከ2,700 በላይ ማለት ነው፡፡ አንድ ሐኪም የእያንዳንዱን አጭር መግለጫ በአምስት ደቂቃ ቢያነብ እንኳ የአንዱን ቀን ጽሑፍ ብቻ ለመጨረስ ከ220 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል፡፡ በመሆኑም ንባቡን የሚያግዝ መሣሪያ መፈለጉ ግድ ሆነ፡፡

አንድ ነገር፣ ብዙ ስም

ኮምፒዩተር ፊደል ያያል እንጂ ነገሩን አያውቅም፡፡ ጫትን እንውሰድ፡፡ በውጭ አገር ጽሑፎች አንዱ «ቻት»፣ ሌላው «ቃት»፣ ሦስተኛው «ካት» እያለ ይጽፈዋል፤ በኬንያ «ሚራ» ይባላል፤ የዕፅዋት ምሁራን ደግሞ «ካታ ኤዱሊስ» ይሉታል፡፡ በአንዱ ስም ብቻ የፈለገ ሰው ሌሎቹን ጥናቶች ሁሉ ያጣቸዋል፡፡

የዚህ ተቃራኒም አለ፡፡ በአገራችን «ዝሆኔ» የሚባለው የእግር እብጠት ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ይጠቀልላል፡፡ አንደኛው በትንኝ ከሚተላለፍ ትል የሚመጣ ነው፡፡ ሁለተኛው ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው ሲሆን፣ በቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል፡፡ የመጀመሪያው ትሉን የሚያጠፋ መድኃኒት ይፈልጋል፤ የሁለተኛው መከላከያ ግን ጫማ ማድረግና እግርን ዘወትር መታጠብ ነው፡፡ ስሙ አንድ በመሆኑ በሽታው አንድ ነው ብሎ የሚያስብ ሰውም ሆነ ማሽን ሕመምተኛውን ይጎዳል፡፡

ይህን ችግር ለመፍታት የተዘጋጀው የስሞችና የዝምድናዎች መዝገብ «ኦንቶሎጂ» ይባላል፡፡ ኦንቶሎጂ እንደ ተራ መዝገበ ቃላት የቃል ትርጉም ሰጥቶ አያበቃም፤ ይህ ነገር የዚያ ዓይነት ነው፣ ይህ የዚያ ክፍል ነው፣ ይህ ከዚያ የተሠራ ነው እያለ ዝምድናቸውን ያስቀምጣል፡፡ ለምሳሌ ያህል የቡና ተክል፣ ቅጠሉ፣ ገለፈቱ፣ ፍሬው፣ ተቆልቶ የፈላው መጠጥና በውስጡ ያለው ካፌይን የተለያዩ ናቸው፡፡ ቅጠሉን አፍልቶ የሚጠጣ ሰውና አቦል የሚጠጣ ሰው ሁለቱም «ቡና ጠጡ» ተብለው በአንድ ቢቆጠሩ የጥናቱ ውጤት ይበላሻል፡፡ የአሜሪካው ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1960 «ሜሽ» የተባለ የሕክምና ርዕሶች መዝገብ ያወጣ ሲሆን፣ በእርሱም ውስጥ የቡና ተክል፣ ቡና መጠጡና ካፌይን የየራሳቸው ቦታ አላቸው፡፡ ለምግብ ብቻ የተዘጋጀ «ፉድኦን» የሚባል ኦንቶሎጂም አለ፡፡

ነገሩ ለሙስሊሙ ሊቃውንት አዲስ አልነበረም፡፡ በማላጋ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1248 በደማስቆ የሞተው ኢብኑል በይጧር 1,400 ያህል መድኃኒቶችንና ምግቦችን በፊደል ተራ በአንድ መጽሐፍ ሰብስቧል፡፡ የአንዱን ዕፅ ልዩ ልዩ ስሞች አስፍሯል፤ ከእርሱ በፊት ማን ምን እንዳለም ከነባለቤቱ ጠቅሷል፡፡

ዓረፍተ ነገሩን መረዳት

ስሙ ከታወቀ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ ምን እንደሚል መረዳት ይቀራል፡፡ ኮምፒዩተር የሰውን ቋንቋ እንዲያነብ የሚያደርገው ጥበብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፡፡ «ቡና የደም ግፊትን ጨመረ» እና «ቡና የደም ግፊትን አልጨመረም» በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ቡናም ደም ግፊትም አሉ፤ ትርጉማቸው ግን ሰማይና ምድር ነው፡፡ ቃላትን ብቻ የሚቆጥር ማሽን ሁለቱን አንድ አድርጎ ይመዘግባል፡፡

በአማርኛ አፍራሹ «አል» እና «ም» በግሡ ውስጥ ተለጥፈው ስለሚመጡ ማሽኑ ቃሉን መሰነጣጠቅ አለበት፡፡ በአፋን ኦሮሞ ደግሞ «ኒ ደበላ» ሲባል ይጨምራል፣ «ሂን ደበሉ» ሲባል አይጨምርም ማለት ነው፡፡ በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ምሁር ማይክል ጋሰር ያዘጋጁት «ሆርንሞርፎ» የተባለ ፕሮግራም የአማርኛን፣ የአፋን ኦሮሞንና የትግርኛን ቃላት በዚህ መልክ ይተነትናል፡፡ ሆኖም የሕክምናው ጽሑፍ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ማሽኖቹም በዚያው ቋንቋ ስለሠለጠኑ፣ በቋንቋችን ሲጠየቁ የበለጠ ይሳሳታሉ፡፡

ያልተገናኙ ሁለት ጽሑፎች

የዚህ ሥራ ጥቅም በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፡፡ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዶን ስዋንሰን የመረጃ ሳይንስ ምሁር እንጂ ሐኪም አልነበሩም፡፡ ሬይኖ ስለሚባል በሽታ የተጻፉትን አነበቡ፡፡ በሽታው በብርድ ጊዜ የጣት ደም ሥሮች እንዲጠብቡ የሚያደርግ ሲሆን፣ በሕሙማኑ ላይ የደም መወፈር እንደሚታይ ጽሑፎቹ ይገልጻሉ፡፡ በሌላ በኩል ስለ ዓሣ ዘይት የተጻፉት ጽሑፎች ዘይቱ የደምን ውፍረት እንደሚቀንስ ይናገራሉ፡፡ ሁለቱ ወገኖች ግን አንዱ የሌላውን ጽሑፍ አይጠቅስም ነበር፡፡ ስዋንሰን ሁለቱን አገናኝተው የዓሣ ዘይት ለሬይኖ ሊጠቅም ይችላል የሚል ግምት አቀረቡ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1989 በሕሙማን ላይ የተደረገ ሙከራም ሌላ በሽታ ሳይኖርባቸው በሬይኖ ለተያዙት ዘይቱ እንደረዳ አሳየ፡፡

ልብ እንበል! ንባቡ ግምት ወለደ፤ ግምቱ ዕውቀት የሆነው ግን በሰው ላይ ከተሞከረ በኋላ ነው፡፡

ብዙ መረጃ ሲሰበሰብ ፍርድ ይለወጣል

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 ቡና የሽንት ፊኛ ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል ብሎ ነበር፡፡ ቡና አብዝተው ከሚጠጡት ብዙዎቹ ሲጋራም ያጨሱ ስለነበር ግን ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ1,000 በላይ ጥናቶች ተመርምረው ቡና ከዚያ ዝርዝር ወጣ፡፡ በዚያው ጊዜ ግን ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ ማንኛውም መጠጥ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ተገለጸ፡፡ የሚያሰጋው ቡናው ሳይሆን ትኩሳቱ ነው ማለት ነው፡፡ እንግዲህ በአንድ ጥናት ብቻ «ቡና ገዳይ ነው» ወይም «ቡና መድኃኒት ነው» የሚል ሰው ከመረጃው አንድ ገጽ ብቻ ቀዶ እንደሚያነብ ሰው ነው፡፡

ወሬውን ያመጣው ማን ነው?

ሙስሊሞች ሐዲስ ሲሰሙ «ከማን የተላለፈ ነው?» ብለው ኢስናዱን ይጠይቃሉ፡፡ ለጤና ወሬም ይህ ልማድ ይጠቅማል፡፡ ዛሬ በስልክ የሚያነጋግሩን ማሽኖች መልሳቸው ያማረ ቢሆንም አንዳንዴ ጭራሽ ያልተጻፈ ጥናት ይጠቅሳሉ፡፡ ስለዚህ ማን አጠናው? በስንት ሰው ላይ? ሌሎችስ አረጋገጡት ወይ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፡፡ ምንጩ ካልተገኘ ወሬው ለሌላ ሰው መላክ የለበትም፡፡

ለቤታችን ምን ይጠቅማል?

ከተሰበሰበው ዕውቀት ለቡና ጠጪ ቤተሰብ የሚከተሉት ይጠቅማሉ፡፡

አንደኛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የምትወስድ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል፡፡ ስለዚህ ለነፍሰ ጡር የተመከረው መቀነስ ነው እንጂ ፈጽሞ መተው አይደለም፡፡ አቦሉን ለእንግዳ ትታ በረካውን ብትጠጣ፣ የሲኒውንም ቁጥር ብትቀንስ መልካም ነው፡፡

ሁለተኛ፣ ቡና ምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፡፡ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ሲጠጣ ጉዳት አልታየም፤ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን እንደ አብሮ መጠጣቱ ሆኗል፡፡ በመሆኑም የደም ማነስ ያለበት ሰው፣ በረመዳንም ቢሆን፣ ኢፍጣር እንደበላ ወዲያው ቡና ባይደግም ይሻላል፡፡ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረት ክኒንም በቡና ወይም በሻይ አይዋጥም፡፡

ሦስተኛ፣ ከጀበና እንደወረደ ከመጠጣት ይልቅ ትንሽ ማብረድ ያስፈልጋል፡፡

አራተኛ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድ የበሽታውን ስም ብቻ ተናግረን አንብቃ፡፡ «ዝሆኔ ነው»፣ «ምች ነው»፣ «ብርድ ነው» ከማለት ይልቅ መቼ እንደጀመረ፣ የት ላይ እንደሚያም፣ ትኩሳት እንዳለና እንደሌለ፣ ምን እንደበላንና ምን መድኃኒት እንደወሰድን እንናገር፡፡ ሐኪሙም ሆነ ኮምፒዩተሩ በትክክል ሊያነብ የሚችለው በትክክል የተነገረውንና የተመዘገበውን ብቻ ነው፡፡

አላህ ጤናውንና ጠቃሚውን ዕውቀት ይስጠን፡፡