ዱላ፣ መንገድና ሦስት ሰዓት

በገበያ ውሎ ወይም በወሰን ጠብ ጭንቅላቱን በዱላ የተመታ ሰው ተነስቶ በእግሩ ከሄደ፣ በዙሪያው ያሉት «ተመስገን» ብለው ይበተናሉ። ሐኪሞችን የሚያሰጋቸው ግን አንዳንዴ ይኸው በእግሩ የሄደው ሰው ነው። ምቱ ከጆሮ ከፍ ብሎ ያለውን ስስ አጥንት ሰንጥቆ ከሥሩ የሚያልፈውን የደም ሥር ከበጠሰው፣ ደሙ በራስ ቅልና በአንጎል ሽፋን መካከል ይቋጠራል። ተመቺው ለጥቂት ሰዓታት ያወራል፣ ውሃ ይጠጣል። ከዚያ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ይተኛል። እንቅልፍ የመሰለው ነገር ደሙ አንጎሉን እየተጫነው ሊሆን ይችላል። ራስ ቅሉ በጊዜ ተከፍቶ ደሙ ከወጣለት ግን የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።

እንዲህ ያለው ታካሚ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ላይ ብዙም አይታይም ነበር። ስለ ጭንቅላት አደጋ የሚታተሙት ጥናቶች በአመዛኙ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የሚወጡ፣ ስለ አሽከርካሪዎች፣ ስለ ቦክሰኞችና ስለ ወታደሮች የሚያወሩ ነበሩ። ጥናት እንዲጻፍ መጀመሪያ የሚያክም ሰው ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ በአዲስ አበባ የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ1,000 በላይ ሰዎች የተከታተለ ጥናት ታተመ። በምክንያትነት ከፊት ከተሰለፉት መካከል ድብደባና የትራፊክ አደጋ ይገኙበታል። በብዛት የታየው ጉዳት ደግሞ ወደ ውስጥ የሰረጎደ የራስ ቅል ስብራትና ያ ከሽፋኑ በላይ የሚቋጠር ደም ነበር።

የዘርፉ ትልቁ መሣሪያ ገንዘብ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1974 በስኮትላንድ ይሠሩ የነበሩት ግራሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት በላንሴት መጽሔት ያወጡት የግላስጎው መለኪያ ሦስት ነገር ብቻ ያያል፦ ዓይን፣ ንግግርና እንቅስቃሴ። «አባባ፣ ዓይንዎን ይክፈቱ። የት ነው ያሉት? እጅዎን ያንሱ።» ሁሉን በትክክል የመለሰ 15 ያገኛል፤ ምንም ምላሽ የሌለው 3። ከ8 በታችና 8 ራሱ ከባድ ጉዳት ይባላል። የጤና ጣቢያ ነርስም የደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሐኪምም በዚህ ቁጥር ይግባባሉ።

ጥናት የተለመደ ሕክምናን ያስቆመበት ጊዜም አለ። ኮርቲኮስቴሮይድ የአንጎል እብጠትን ያስታግሳል ተብሎ ለአሥርት ዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው «ክራሽ» የተባለ ሙከራ ግን በ10,008 ሰዎች ላይ አነጻጽሮ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት በሁለት ሳምንት ውስጥ 21.1 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 17.9 በመቶ መሞታቸውን አሳየ። ሙከራው ከታሰበው በፊት ተቋረጠ።

በ2019 የታተመው ተከታዩ «ክራሽ 3» የተሻለ ዜና ይዞ መጣ። በ29 አገሮች 12,737 ሰዎች የተሳተፉበት ይህ ሙከራ የፈተነው የረጋ ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያደርገውን ርካሽ መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድን ነበር። ቀላልና መካከለኛ ጉዳት ደርሶባቸው በሦስት ሰዓት ውስጥ ከወሰዱት 5.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 7.5 በመቶ በጭንቅላት ጉዳታቸው ሞቱ። ከባድ ጉዳት በደረሰባቸው ላይ ግን ግልጽ ጥቅም አልታየም።

ይህ ሦስት ሰዓት ለምሳሌ በሰሜን ሸዋ ላለው አንኮበር ምን ማለት ነው? ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ኪሎ ሜትሩ የሚቆጠረው ግን ከመንገዱ ዳር ጀምሮ ነው። ከገደል ሥር ካለ ቀበሌ ታካሚውን በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገቱን መውጣት፣ መኪና መጠበቅ፣ ጉሙን ማለፍ አለ። ስለዚህ መድኃኒቱ ታካሚው መጀመሪያ በሚደርስበት ጤና ተቋም ካልተገኘ ሰዓቱ መንገድ ላይ ያልቃል።

የቅርቡ የምርምር አቅጣጫ ወደ ደም ምርመራ ያዘነብላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 የፈቀደው ምርመራ፣ ከተጎዳ የአንጎል ሴል ወደ ደም የሚፈሱ ሁለት ፕሮቲኖችን ለክቶ ማን ሲቲ ስካን እንደማያስፈልገው ለመለየት ይረዳል። ሲቲ ስካን በየከተማው በሌለበት አገር ይህ ዓይነቱ ምርመራ ርካሽ ቢሆን ሪፈር የሚባለውንና የማይባለውን ለመለየት በጠቀመ ነበር።

ከጎንደርም ከጅማም የሚወጡት የኢትዮጵያ ጥናቶች እየበዙ ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ከታካሚ ካርድ ላይ መረጃ በመልቀም ስለሆነ ካርዱ ያልያዘውን ጥናቱም አይዘውም። «9 ሰዓት ላይ ተመታ» የሚል ካርድ፣ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆቹ ካልገለጸ፣ የስድስት ሰዓት ልዩነት ያመጣል። ታካሚው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ወደ እርሻው ተመለሰ ወይ፣ ጠባዩ ተለወጠ ወይ፣ የሚጥል በሽታ ያዘው ወይ የሚለውን ለማወቅ ደግሞ ከካርዱ ወጥቶ ቤተሰቡን በስልክም ሆነ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል መጠየቅ ያስፈልጋል።