ግድግዳው ምን ይመስላል? ባክቴሪያን መለየትና መድኃኒቱን መምረጥ

በጤና ተቋሞቻችን «ታይፎይድና ታይፈስ» በአንድ ትንፋሽ ይጠራሉ። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት የሄደ ሰው የሁለቱም ስም በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቢያገኝ ብዙም አይገርመውም። ባክቴሪያዎቹ ግን በጣም የተራራቁ ናቸው። ታይፎይድን የሚያመጣው ሳልሞኔላ በተበከለ ምግብና ውሃ ይገባል፤ በላቦራቶሪ ሳህን ላይም ያድጋል። ተስቦን፣ ማለትም ታይፈስን፣ የሚያመጣው ሪኬትሲያ የሚተላለፈው በሰውነት ቅማል ነው፤ ሌላ ሕያው ሕዋስ ውስጥ ካልገባ ደግሞ መራባት አይችልም። ለታይፎይድ የሚታዘዘው ሴፍትሪያክሶን ለተስቦ አይረባም፤ ተስቦን የሚያድነው ዶክሲሳይክሊን ነው። ባክቴሪያን በየወገኑ መመደብ የመማሪያ መጽሐፍ ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው። ምደባው ሐኪሙ የሚያዘውን መድኃኒት ይወስናል።

ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ኮን እ.ኤ.አ. በ1872 ባክቴሪያዎችን በቅርጻቸው መድቦ ነበር፤ ክብ፣ ዘንግ መሰል፣ ጥምዝምዝ። ይህ አመዳደብ ዛሬም ያገለግላል፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ግን ብዙ አይናገርም። ያንን መንገድ የከፈተው ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም በርሊን ውስጥ የሳንባ ምች የገደላቸውን ሰዎች የሳንባ ቁራጭ እያቀለመ ሲመረምር፣ አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ቀለሙን አጥብቀው ሲይዙ ሌሎቹ እንደሚለቁት አየ። ምክንያቱን አላወቀም፤ ዘዴው ግን እስካሁን በየላቦራቶሪው በየቀኑ ይሠራበታል።

ናሙናው በስላይድ ላይ በስሱ ይቀባል፤ ከደረቀ በኋላ በእሳት ነበልባል ላይ ለአፍታ ይተላለፋል። ክሪስታል ቫዮሌት ይፈስበትና ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይታጠባል። ቀጥሎ አዮዲን ይገባል፤ ቀለሙን በሕዋሱ ውስጥ ያጣብቀዋል። ወሳኙ አልኮሉ ነው። የሚፈሰው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ከበዛ ሁሉንም ያነጣል፣ ካነሰ ሁሉንም ሐምራዊ አድርጎ ይተዋል፤ የባለሙያው እጅ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ሳፍራኒን የሚባል ቀይ ቀለም ይጨመራል። ሐምራዊ ሆነው የቀሩት ግራም ፖዘቲቭ፣ ሮዝ የሆኑት ግራም ኔጋቲቭ ይባላሉ።

ልዩነቱ ያለው በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ፔፕቲዶግላይካን ከሚባል፣ እንደ ሰፌድ ስፌት ከተጠላለፈ የስኳርና የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት የተሠራ ነው። ግራም ፖዘቲቮቹ፣ ለምሳሌ ስታፊሎኮከስና ስትሬፕቶኮከስ፣ ይህን በወፍራሙ ደራርበዋል። ግራም ኔጋቲቮቹ፣ እንደ ኢ. ኮላይና ሳልሞኔላ ያሉት፣ ያላቸው ግድግዳ ስስ ነው፤ ከውጭ በኩል ግን አንድ ተጨማሪ የስብ ሽፋን ደርበዋል። ሽፋኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ትንንሽ ሞለኪውሎችን ያሳልፋል፣ ትልልቆቹን ያግዳል። ቫንኮማይሲን ለብርቱ ስታፊሎኮከስ መድኃኒት ሆኖ ሳለ ኢ. ኮላይን የማይነካው ሞለኪውሉ ግዙፍ ስለሆነና በዚያ ቀዳዳ ስለማያልፍ ነው።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ ያስተዋለው፣ እነ ፍሎሪና ቼይን ኦክስፎርድ ላይ መድኃኒት ያደረጉት ፔኒሲሊንም ዒላማው ይኸው ግድግዳ ነው። ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ የሚያያይዘውን ኢንዛይም ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። ባክቴሪያው ማደጉን ይቀጥላል፣ ግድግዳው ግን አይጠገንም፤ ውሃ ወደ ውስጥ ይገፋና ሕዋሱ ይፈነዳል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው ከዚህ ጉዳት ያመልጣል። አሞክሳሲሊንና ሴፍትሪያክሶንም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ማይኮፕላዝማ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ከነጭራሹ ግድግዳ የለውም፤ ስለዚህ እሱ ያመጣውን የሳንባ ምች በአሞክሳሲሊን ማከም ከንቱ ድካም ነው።

ሌሎቹ መድኃኒቶች ግድግዳውን ትተው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ዶክሲሳይክሊን፣ አዚትሮማይሲንና ጄንታማይሲን ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞም ይይዛሉ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ዲ ኤን ኤ ሲባዛ የሚያስፈልጉትን ኢንዛይሞች ያውካል፤ ኮትራይሞክሳዞል ባክቴሪያው ፎሌት እንዳይሠራ ይከለክለዋል። አዚትሮማይሲን በአማራ ክልልና በሌሎችም አካባቢዎች ለትራኮማ በዘመቻ ሲታደል ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። የተመረጠውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የትራኮማው ክላሚዲያ በሰው ሕዋስ ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር፣ እዚያ ድረስ ዘልቆ የሚገባ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ከሁለቱም የግራም ወገኖች ወጣ ያለ ነው። ማይኮሊክ አሲድ የተባለ ሰም መሰል ሽፋን ስላለው የግራም ቀለም በደንብ አይዘልቀውም፤ በአሲድ የማይለቅ ሌላ ቀለም ይፈለግለታል። አይሶናያዚድ ያንን ሰም መሥራቱን ያቆምበታል። ባክቴሪያው አንዴ ለመከፈል አሥራ አምስት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል፤ ኢ. ኮላይ በተመቸው ጊዜ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ሕክምናው ወራት የሚወስድበት አንዱ ምክንያት ይህ አዝጋሚነት ነው።

ስለ ግርሻ፣ ማለትም እየተመላለሰ ስለሚነሳው የትኩሳት በሽታ፣ ሳይነገር መታለፍ የለበትም፤ ዛሬ በዋናነት የሚገኘው በአፍሪካ ቀንድ፣ በተለይም በአገራችን ነውና። እሱም እንደ ተስቦ በሰውነት ቅማል ይተላለፋል። ቦሬሊያ የተባለው ባክቴሪያ ጥምዝምዝ ነው፤ በትኩሳቱ ሰዓት የተወሰደ የደም ጠብታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በቀይ የደም ሕዋሳት መካከል ተጠማዞ ይገኛል። የላይኛውን ፕሮቲኑን ስለሚለዋውጥ የሰውነት መከላከያ ሲደርስበት መልኩን ቀይሮ ይመለሳል፤ ትኩሳቱም ለቀናት ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ፔኒሲሊን በአግባቡ ይገድለዋል። ነገር ግን መርፌው በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ በሽተኛው በብርቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ትኩሳቱ ሊያሻቅብ፣ ከዚያም የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ የሞቱት ባክቴሪያዎች በደሙ ውስጥ የሚለቁት ነገር ያመጣው ጣጣ ነው። ይህን የማያውቅ አስታማሚ መድኃኒቱ የጎዳው ሊመስለው ይችላል። ነርሷ መርፌውን ወግታ በሽተኛውን ወደ ቤቱ ሳትሸኝ አልጋ ላይ አቆይታ የምትከታተለውም ስለዚሁ ነው።

ባክቴሪያዎች ዝም ብለው አይመቱም። ፔኒሲሊንን የሚቆርጠውን ኢንዛይም አብርሃምና ቼይን የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1940 ነው፤ መድኃኒቱ ገና በሰፊው ለሕዝብ ሳይደርስ። ገሚሶቹ የገባውን መድኃኒት መልሰው ይተፋሉ፣ ገሚሶቹ ዒላማውን ይለውጣሉ፤ የለመዱትንም በዘረመል ቁራጭ አድርገው ለሌላ ወገን ባክቴሪያ ጭምር ያቀብላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆኑ ተገምቷል። ጉንፋን ከቫይረስ ነው፤ ለእሱ ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛ አሞክሳሲሊን ጉንፋኑን አይነካም፤ በአንጀት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ግን መድኃኒቱን ያለማምዳቸዋል። በእኔ እምነት በየከተማችን ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ፍሬ ከየትኛውም ብርቅ ጀርም የማይተናነስ አደጋ ነው።

ምደባውም ከቀለም አልፎ ዘረመል ወደ ማንበብ ደርሷል። ካርል ዎዝ እ.ኤ.አ. በ1977 የራይቦዞምን አርኤንኤ አወዳድሮ አርኬያ የተባሉት ደቂቅ ሕዋሳት ከባክቴሪያ የተለየ ወገን መሆናቸውን አሳየ። ዛሬ ጂንኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ከአክታ የነቀርሳውን ዘረመል ፈልጎ፣ ሪፋምፒሲንን መላመድ አለመላመዱንም በሁለት ሰዓት ገደማ ይናገራል። በግራም ኔጋቲቮቹ በኩል ግን አዲስ ዓይነት መድኃኒት ማግኘት ለአሠርት ዓመታት አዳጋች ሆኖ ቆይቷል፤ ያ የውጭ ሽፋን አስቸግሯል። አሁን በሙከራ ላይ ያለው ዞሱራባልፒን የሚያጠቃው የዚያኑ ሽፋን ማጓጓዣ ሲሆን፣ የሚሠራውም አሲኔቶባክተር በተባለው የሆስፒታል ባክቴሪያ ላይ ነው። ተሳክቶ ገበያ ላይ ቢውል እንኳ ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት ላቦራቶሪው የባክቴሪያውን ስም በትክክል መናገር ይኖርበታል።