በሱቁ ጓዳ

(ዜማ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝግ ይላል።)

ተራኪ፦ በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ ለጥቍሮች መብት የቆመው ብሔራዊ ማኅበር አባል የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ከሥራው ይሰናበት ዘንድ በ1956 እ.ኤ.አ. ሕግ በወጣ ጊዜ፣ አርባ ዓመት ያህል ሕፃናትን ሲያስተምሩ የኖሩት መምህርት ሴፕቲማ ክላርክ አባልነታቸውን አልክድም በማለታቸው፣ ሥራቸውንም ጡረታቸውንም በአንድነት አጡ። በማኅበር መዝገብ መጻፍ እንጀራን በሚያሳጣበት በዚያ ዘመን፣ ለመብቱ የሚቆመው ሰው ቍጥር እንዴት ሊበዛ ቻለ?

መልሱ በዚያው ግዛት፣ ከቻርልስተን ከተማ አጠገብ ባለችው በጆንስ ደሴት ይገኛል፤ በዚያ ኤሳው ጄንኪንስ የተባሉት ሰው ሠራተኞችን በአውቶቡሳቸው ሲያመላልሱ፣ መራጭ ለመሆን ሊነበብ ግድ የሆነውን የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት በመንገድ ያስጠኗቸው ነበር፤ ከተሳፋሪዎቹ አንዷ አሊስ ዋይን ግን ቃሉን በቃላቸው ቢይዙም በእውነት ማንበብን ተመኙ። ስለዚህ በቴነሲ የነበረው የሃይላንደር ትምህርት ቤት ባበደረው ገንዘብ ቤት ተገዛ፤ ነጮች እንዳይጠረጥሩ ፊቱ ሱቅ ሆነ፤ በጓዳው ግን በጥር 1957 ትምህርት ተጀመረ።

(የደወል ድምፅ።)

ተራኪ፦ ለማስተማር የተመረጡት የሴፕቲማ የሥጋ ዘመድ፣ ፀጕር ሠሪዋ በርኒስ ሮቢንሰን ነበሩ፤ ደንበኞቻቸው ጥቍሮች ናቸውና ነጭ አሠሪ ሊያባርራቸው አይችልም፤ የመምህርነት ማዕርግም ስላልነበራቸው፣ በዕድሜ የገፋውን ደቀ መዝሙር እንደ ሕፃን ይገሥጹታል ተብሎ አልተፈራም። ከነገሩ ሁሉ የጠለቀው ጥበብ በዚህ ምርጫ ያለ ይመስለኛል። እርሳቸውም የሕፃናቱን መጽሐፍ ወደ ጎን ትተው፣ ምን መማር ትሻላችሁ ብለው ጠየቁ፤ አንዱ ስሙን መጻፍ፣ ሌላይቱ በሩቅ ላለ ልጇ ደብዳቤ መላክ፣ ሌላው መጽሐፍ ቅዱስን ማንበብ ፈለገ፤ መራጭ ለመሆን የሚያበቃው ትምህርትም በዚህ ላይ ተሠራ። መዋጮና ፊርማ የሚያስቀድም ማኅበር መፈረም ያልቻለውን ከደጅ ያስቀረዋል፤ በጆንስ ደሴት ግን ትምህርቱ ራሱ ወደ ሰዎቹ ፍላጎት ወረደ፤ ስለዚህም ሰዎቹ መጡ።

ትምህርቱ ወደ ጎረቤት ደሴቶች፣ በ1961ም ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደሚመሩት ጉባኤ ተላለፈ፤ ከየግዛቱ የመጡ ገበሬዎችና ልብስ አጣቢዎች በጆርጂያ ሠልጥነው በየመንደራቸው መምህራን ሆኑ። ከዚሁ ዓይነት ሥልጠና በ1963 ሲመለሱ በሚሲሲፒ ታስረው ክፉኛ የተደበደቡት ቀድሞ የጥጥ እርሻ ጢሰኛ የነበሩት ፋኒ ሉ ሄመር፣ በማግሥቱ ዓመት ለጥቍሩም ለነጩም በሩ የተከፈተ ፓርቲ ከመሠረቱት ጋር ሆነው፣ በአትላንቲክ ሲቲ የዴሞክራቶች ጉባኤ የውክልና መርማሪ ኮሚቴ ፊት ተቀምጠው፣ የደረሰባቸውን ግፍ ለአገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን መሰከሩ።