ተጨማሪ መረጃ፦ ክንፉ ለምን ረዘመ?

ለአሜሪካ አየር ኃይል የተሠራው «ግሎባል ሆክ» የተባለው የቅኝት ድሮን አብራሪ አይሳፈርበትም፤ ከ30 ሰዓት በላይ ግን አየር ላይ ይቆያል። መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1998 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲሆን፣ በ2001 ከዚያው ተነስቶ የትም ሳያርፍ አውስትራሊያ ገብቷል።

ምስጢሩ በከፊል ክንፉ ነው። የክንፍ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተለክቶ ለአማካይ ስፋቱ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የክንፍ ንጥጥር ይባላል። ንጥጥሩ ሲጨምር፣ በክንፍ ጫፎች ላይ የሚሽከረከረው አየር አውሮፕላኑን ወደ ኋላ የሚጎትትበት ኃይል ይቀንሳል፤ ነዳጅም ይቆጠባል። የኋለኞቹ ግሎባል ሆኮች ክንፍ 40 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ያለው ርዝመታቸው ግን 15 ሜትር እንኳ አይሞላም! (ተዋጊ ጄት እንዲህ ያለ ክንፍ ቢሰጡት ድንገት መታጠፍ ያቅተዋል።)

ሞክሩት፦ ከእኩል ወረቀት ሁለት አውሮፕላን ሥሩ፤ አንዱን ረጅምና ጠባብ፣ ሌላውን አጭርና ሰፊ ክንፍ አድርጉለት። ከአንድ ከፍታ ስትለቋቸው የትኛው ራቀ?