ጆሮና የውኃ ግፊት

በአውቶቡስ ተሳፍረን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስንወርድ ጆሯችን ድፍን ይላል፤ ምራቃችንን ስንውጥ ደግሞ ጧ ብሎ ይከፈታል። የመተንፈሻ ሲሊንደር ተሸክሞ ቀይ ባሕር ውስጥ የሚወርድ ጠላቂ የሚገጥመውም ይኸው ነው። ልዩነቱ የእሱ ችግር በሰከንዶች ውስጥ መምጣቱና ችላ ከተባለ ጆሮን እስከ ማደንቆር መድረሱ ነው። ምክንያቱን እንመልከት።

የጆሮ ታምቡር ስስ ሽፋን ነው። ከበስተኋላው መካከለኛ ጆሮ የምትባል፣ አየር የሞላባት ትንሽ ክፍል አለች። የዚህች ክፍል የአየር በር ከአፍንጫ በስተኋላ ካለው ጉሮሮ ጋር የሚያገናኛት ኤውስታኪያን ቱቦ ነው። ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ሆኖ ስንውጥ ወይም ስናዛጋ ለቅጽበት ይከፈታል። በታምቡሩ ውጭና ውስጥ ያለው ግፊት እኩል እስከሆነ ድረስ ሕመም የለም።

ውኃ ግን ከአየር እጅግ ይከብዳል። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ የአንድ አትሞስፌር ግፊት ይጨመራል። ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 እንዳስረዳው፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ ግፊት እጥፍ ሲሆን የአየር ይዘት በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ 10 ሜትር ላይ አየሩ ግማሽ፣ 20 ሜትር ላይ ሲሶ ይሆናል። ትልቁ ለውጥ ያለው ከላይ ነው ማለት ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነው የዓባይ ቁልቁለት በጆሮ ላይ የሚያመጣው ለውጥ 2 ሜትር ውኃ ከሚያመጣው አይበልጥም! ጠላቂው ገና ሲጀምር የሚያመውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1. ሳያም መጀመር። «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው ነገሩ። አፍንጫን ይዞ፣ አፍን ዘግቶ በቀስታ እፍ ማለት። ይህን ዘዴ ጣሊያናዊው ሐኪም አንቶኒዮ ቫልሳልቫ እ.ኤ.አ. በ1704 ገልጾታል። አፍንጫን ይዞ ምራቅ መዋጥም ይረዳል።

2. እግርን ወደ ታች አድርጎ ቀስ እያሉ መውረድ፤ ሜትር ሳይሞላ ዘዴውን መደጋገም።

3. ካመመ መቆም፣ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደገና መሞከር። እምቢ ካለ መውጣት ነው እንጂ መታገል የለም።

4. ጉንፋን ሲይዝ አለመጥለቅ። ቱቦው አብጦ ይዘጋልና።

5. ጆሮን በጥጥም ሆነ በሌላ ነገር አለመድፈን።

በኃይል መንፋት ግን ቀልድ አይደለም። የግፊቱ ልዩነት ከበዛ ቱቦው ተጣብቆ ይቀራል፤ የተገደደ ትንፋሽም የውስጥ ጆሮን ሊጎዳና መስማትን ለዘለቄታው ሊያሳጣ ይችላል። ታምቡሩ ከተቀደደ ቀዝቃዛ ውኃ ገብቶ ያዞራል፤ ጠላቂው ላይና ታቹን አይለይም።

ይህ ለእኛ ለመምህራን ምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ የቦይልን ሕግ በቀመር ብቻ ከማስሸምደድ፣ መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ አፍ በጣት ደፍኖ ማስገፋትና ወደ ጆሮ ማምጣት ይቻላል። ሁለተኛው ይበልጣል። በጆሮ ላይ የሚያርፍ ጥፊ በጆሮ ቀዳዳ ያለውን አየር በድንገት ጨምቆ ታምቡር ሊቀድ ይችላል። ጠላቂው ጆሮው ሲያመው ቆሞ ወደ ላይ የመመለስ ዕድል አለው። በጥፊ የተመታ ልጅ ግን ምራቁን የሚውጥበት ጊዜ እንኳ የለውም። እንግዲህ እጃችን ከተማሪ ጆሮ ይራቅ፤ የምናስተምረው በዚያው ጆሮ ነውና።